አማቴና የሰፈራችን ጂም

ሰፈራችን ውስጥ ጂም መከፈቱን ከሁሉ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ። ጎህ ሲቀድ ተነስታ የደጁን መንገድ ውሃ እየረጨች የምትጠርግ ምራት የማታየው ነገር የለም። በመንገዳችን ጫፍ ያለው የድሮ ልብስ ስፌት ቤት መጀመሪያ በሩ ተቀባ፤ ቀጥሎ መስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ ለበሱ፤ ከዚያ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ የማይሄድ ብስክሌትና የመሮጫ ማሽን አራገፈ። በመጨረሻ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፦ ከጠዋት እስከ ቀትር ለሴቶች ብቻ፣ የመጀመሪያው ቀን በነጻ፣ በእንግድነት ይምጡልን። መጥረጊያዬን ተደግፌ ደጋግሜ አነበብኩት።

ልሄድ ፈለግሁ። አልዋሽም፣ የጤና ጉዳይ አልነበረም። በቀን ውስጥ ለአንዲት ሰዓት እንኳ "አንቺ ልጅ" ብሎ የሚጠራኝ ሰው የሌለበት ቦታ መሆን ነበር ያማረኝ። በከተማችን በማርጊላን ምራት ሆና የኖረች ታውቀዋለች። እንግዳ ሲመጣ ትነሻለሽ፣ ሲሄድ ትነሻለሽ፣ በመሃል ሻይ ትቀጃለሽ፤ ስትቀመጪም ለመነሳት ተዘጋጅተሽ ነው። አማቴ ኢኖባት ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ቢያንስ ማማት ይቀለኝ ነበር።

ነገሩን ስንት ቀን አፌ ላይ ሳመላልሰው ሰንብቼ አንድ ቀን እራት ላይ አወጣሁት።

"እማማ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ጂም ተከፍቷል አሉ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።"

"ማነው የሚለው?"

"ሰው ነዋ።"

አማቴ ዳቦ ቆርሰው ሾርባቸው ውስጥ ነከሩ። ትንሽ አኘኩ። "እሺ፣ ነገ እንሄዳለን" አሉ።

እንሄዳለን! ባለቤቴ ሻቭካት ሳቁን ለመደበቅ የሻይ ስኒውን ፊቱ ላይ ደቀነ። እኔ ደግሞ ስኒውን በፊቱ ላይ ብደፋለት ደስ ባለኝ።

በማግስቱ በመንገድ ላይ ለምን እንደፈለጉት ነገሩኝ። እንደዚያ ቀን በግልጽ አዋርተውኝ አያውቁም። አማቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሐር ሸማኔ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የሽመናውን መርገጫ ሲረግጡ ኖረው ጉልበታቸውን እዚያው ጥለውት መጡ። ይህን ድሮም አውቃለሁ። ያላወቅሁት ስለ ሕፃናቱ ምን ያህል እንደሚብሰከሰኩ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚወዛወዘው የእንጨት አልጋው ላይ ሲተኛ ድግስ ይደገሳል። እናቲቱ አይደለችም የምታስተኛው። እጇ ይባረክ የምትባል፣ ልጆቿን በወጉ ያሳደገች ትልቅ ሴት ትጠራለች። አልጋው ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ስለዚህ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ታስተኛለች፣ ትጠቀልላለች፣ በመቀነቱ ታስራለች፣ ትመርቃለች። በመንገዳችን ላይ ይቺ ሴት አማቴ ነበሩ። ዛሬ ጢም ያወጡት ጎረምሶች ሳይቀሩ መጀመሪያ የተኙት በእሳቸው እጅ ነው። ባለፈው የጸደይ ድግስ ግን የድግሱ ባለቤቶች ለጉልበታቸው አዝነው ወንበር አመጡላቸው፤ ከግድግዳው ሥር፣ ጆሯቸው ከማይሰማ አሮጊቶች ጋር። ሕፃኑን ሌላ ሴት አስተኛችው። ያን ቀን አማቴ ቤት ገብተው "ወንበር አመጡልኝ" አሉ። ሰሞኑን ሁሉ ፊታቸው አልተፈታም።

"የሳኖባር ምራት ልትወልድ ነው" አሉኝ አሁን፣ ክንዴን ይዘው እየተራመዱ። "መኸር ሲገባ አልጋው ይወጣል። ያኔ ወለል ላይ መቀመጥ አለብኝ። ተቀምጬ ደግሞ መነሳት አለብኝ። ሐኪሙ ጉልበትሽ ሥራ ይፈልጋል ብሎኛል፤ እንግዲህ ሥራ ይሰጡት።"

ሳኖባር የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፤ በዕድሜ በእኔና በአማቴ መካከል ያለች ሴት፣ ምላሷ እንደ በርበሬ፣ ልቧ ግን ሌላ ነው። ጂሙ ደጃፍ ላይ ስንደርስ እሷም ከነሙሉ ልብሷ ቆማለች። ሙሉ ልብስ ስል የሐር ቀሚስ፣ የወርቅ ጉትቻ፣ በእጇ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ሳምሳ፣ ያ ሥጋ የተሞላው ጥቅልል ዳቦ። ወረቀቱ "በእንግድነት ይምጡልን" ይላላ! እንግድነት ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም። እኛም ዳቦና ሃልዋ ቋጥረን ነበር። ሁሉም እንዲሁ ቋጥሮ መጥቷል። ጫማችንን ደጃፍ ላይ ከምረን ገባን፤ ግድግዳውን ተደግፈን፣ ለስፖርት በተዘረጉት ምንጣፎች ላይ እግራችንን አጥፈን በዕድሜ ተራ ተቀመጥን። ከዚያ ሻይ ጠበቅን።

አሰልጣኟ ዲልናቮዝ በስፖርት ልብሷ መሃል ላይ ቆማ ተመለከተችን። ዋና ከተማ ታሽከንት የተማረች ብትሆንም የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ትንሽ አሰበችና ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ውሃ ልትጥድ ገባች። ሌላ አሰልጣኝ ብትሆን ኖሮ ያን ዕለት ጂሙ ይዘጋ ነበር። ሻይ ጠጣን፣ ሳምሳ በላን፣ ስለ ሰው ሠርግ አወራን። ወደ መጨረሻው ካሞላ የምትባለው የማእዘኑ ቤት ምራት ደፍራ የመሮጫውን ማሽን ወጣችበት። ዲልናቮዝ ስታስነሳው ካሞላ መራመድ ትታ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ማሽኑም አምጥቶ ከነቀሚሷ ሳኖባር እቅፍ ውስጥ አስቀመጣት።

"ወዴት ነው ልጄ?" አለቻት ሳኖባር። "ወደ ፊት ነው የተባለው እኮ።"

ስንወጣ ዲልናቮዝ የእያንዳንዳችንን ጨርቅ ፖም ቋጥራ መለሰችልን። ባዶ ጨርቅ እንደማይመለስ አልረሳችም። ያቺ ፖም አስመዘገበችን ማለት ይቻላል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አማቴ በሩ አጠገብ ያለችውን ብስክሌት ያዙ። ልክ ሽመናቸው ላይ እንዳሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሳያቋርጡ ይረግጣሉ። እኛ ምንጣፎቻችን ላይ ነን። ዲልናቮዝ "በጀርባችሁ ተኙ፣ እግራችሁን ወደ ላይ" ትላለች። አንድም ሰው አይንቀሳቀስም። በትልቅ ሰው ፊት እግር አይዘረጋም፤ ተጋድሞ ወደ ጣሪያ ማንሳትማ እንዴት ተደርጎ? ሁላችንም እግራችንን አጥፈን፣ ልብሳችንን ቁርጭምጭሚታችን ላይ እየጎተትን እንቀመጣለን። ዲልናቮዝ ምንጣፎቹን አዞረቻቸው፣ እግራችን ወደ ግድግዳው እንዲሆን። ግድግዳው ግን መስታወት ነው። በሦስት በኩል መስታወት! ወደየትም ብንዞር እግራችን የሚያመለክተው ብስክሌት ላይ የተቀመጡትን አማቴን ነው።

ይህ ሲሆን ገና ሰላምታውን አልቆጠርኩትም። አማቴ ሲገቡ ሁሉም የያዘውን ብረት አስቀምጦ ይነሳል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይጠይቃል። ቤት እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ደም ግፊቱስ፣ የጓሮው ቲማቲም ደረሰ ወይ። አማቴም የእያንዳንዱን ቤት በተራ ይጠይቃሉ። ተጠያይቀን ስናበቃ ካሞላ ልጇን ከትምህርት ቤት የምትወስድበት ሰዓት ይደርሳል።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። አንዷ እንግዳ መጣብኝ አለች፣ ሌላዋ ጥርሴን አመመኝ አለች። አንድ ጠዋት ዲልናቮዝ ከደጃፍ እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

"ኦይጉል፣ አንቺ ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ?"

"ጠዋት ገና ሳልከፍት ይምጡ፣ ለብቻቸው አሠራቸዋለሁ በያቸው።"

"ለብቻዎ ይምጡ ማለት እኮ አይምጡ ማለት ነው።"

"አውቃለሁ። ግን ከቀትር በኋላ የሚመጡት ወንዶች ጠዋቱንም እንፈልጋለን እያሉ ነው። ሴቶቹ ካልመጡ የቤቱ ባለቤት ለእነሱ ይሰጠዋል። ያኔ እሳቸውም የሚረግጡት ብስክሌት የለም፣ አንቺም የለሽም፣ እኔም ወደ ታሽከንት ነኝ።"

ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ ለዚህ ነው ደሜ የፈላው። ማታ ለሻቭካት ብነግረው "እኔ ምንም አልሰማሁም" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። የእናቱን ሁለት ዓይን እያየ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ወንድ በመንገዳችን አልተወለደም።

እኔም አልተናገርኩም። ቀናት አሳለፍኩ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ጠየቁኝ፣ ከጂም ስንመለስ።

"ኦይጉል፣ ሴቶቹ የት ገቡ?"

"የኮክ ማርማላታ እየሠሩ ነው።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ካሞላ የኮክ ዛፍ የላትም።"

አንድ ጠጠር በጫማዬ ገፋሁ።

"በእኔ ነው፣ አይደል?"

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። "እማማ፣ እርስዎ ፊት እግራቸውን መዘርጋት አቃታቸው። እኔም አቃተኝ" አልኳቸው። አማቴ ክንዴን ሳይለቁ ተራመዱ። የቤታችን በር ጋ ስንደርስ ቆሙ።

"እኔስ የወለሉን ስፖርት ለምን እንደማልሠራ ታውቂያለሽ?"

"ጉልበትዎ..."

"መተኛቱን እተኛለሁ። መነሳቱ ነው። እንደ ኤሊ ስገለባበጥ የሚያዩኝ እነማን ናቸው? ነገ ለልጃቸው አልጋ የሚጠሩኝ ሰዎች ናቸው። ካዩኝ ወንበሩን ይዘው ነው የሚመጡት።" በሩን ገፉት። "ነገ አንቺ ሂጂ። እኔ ቤት ነኝ።"

ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር መሰለኝ ሴቶቹ ሁሉ ተመልሰዋል። ተጋደምን፣ እግራችንን ሰቀልን፣ ካሞላ ሽቅብ በብስክሌት የምትሄድ እያስመሰለች አሳቀችን። ለስንት ጊዜ ስመኘው የነበረው ነገር ይኸው ነበር፤ "አንቺ ልጅ" የሚል የለም። ደስ አለኝ። ባዶዋን ብስክሌት በመስታወት ባየሁ ቁጥር ግን ደስታዬ ይቆረጣል።

ቤት ስገባ አማቴ ግቢ ውስጥ አልነበሩም። ከቤቱ ኋላ አገኘኋቸው። የወይኑን ምሰሶ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መሬት ቁጭ ብለው፣ ለመነሳት እየታገሉ። ፊታቸው ቀልቷል። ሲያዩኝ እጃቸውን ከምሰሶው አወረዱ።

"ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው" አሉ፣ ሣሩን እየዳበሱ።

አንጀቴን በሉኝ። ቁልፉ በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። አጠገባቸው ተቀመጥኩና እኔም ሣሩን እየዳበስኩ ቁልፍ ፈለግሁ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ፈለግን። ከዚያ "ገብተሽ ሻይ ጣጂ" አሉኝ፤ ዘወር እንድልላቸው መሆኑን አውቄ ገባሁ።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ጫማዬን ሳደርግ አማቴ ለባብሰው ደጃፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። "እንሂድ" አሉ። ሴቶቹ ደግሞ ሊቀሩ ነው አልኩ በልቤ። ክንዴን ያዙና ሄድን።

ሲገቡ ሁሉም እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ካሞላ እግር ማንሳቱን በመሃል አቋርጣ ልብሷን አስተካከለች።

"ሰላም ናችሁ፣ ቤታችሁም ሰላም ነው፣ ቲማቲሙም ደርሷል" አሉ አማቴ በአንድ ትንፋሽ። "ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። እሳቸው አንድ ምንጣፍ ጎትተው መሃል ላይ አነጠፉ።

"እዚህ ቤት ትልቋ ማን ናት?"

ማንም ያልገባው ጥያቄ ነበር። ሳኖባር ናት የመለሰችው። "እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ማን ሊሆን ነው?"

"ገበታ ሲቀርብ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ማነው?"

"ትልቅ ሰው።"

"እግርም እንደዚያው ነው" አሉ አማቴ።

የብስክሌቱን እጀታ ይዘው ቀስ ብለው ወረዱ። ተቀመጡ፣ በክርናቸው ተደገፉ፣ ከዚያ በጀርባቸው ተኙ። ሁለቱንም እግራቸውን፣ ከነአበባማ ሱሪያቸው፣ ወደ ጣሪያው አነሱ። እግራቸው በሦስቱም መስታወት ውስጥ ታየ።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ ከወለሉ። "እስኪቀዘቅዝ ነው?"

መጀመሪያ የተኛችው ሳኖባር ናት፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት። ከዚያ ካሞላ፣ ከዚያ ሁላችንም። እኔ ከአማቴ ጎን ተኛሁ። ባለቤቴ ቤት ከገባሁ ጀምሮ በእሳቸው ፊት እግሬን ስዘረጋ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዲልናቮዝ መቁጠር ጀመረች። አነሳን፣ አወረድን፣ ወገባችንን ከምንጣፉ አላቀቅን። አማቴ የቻሉትን ሠሩ፣ ያልቻሉትን ዓይናቸውን ጨፍነው አረፉበት።

"በቃ፣ ጎበዞች" አለች ዲልናቮዝ በመጨረሻ። "መነሳት ትችላላችሁ።"

አማቴ አልተነሱም። ትንፋሻቸው ሲያጥር ይሰማኛል። ምን እንደሚፈሩ ከእኔ በስተቀር ማንም አያውቅም ብዬ አስብ ነበር።

"ተነሱ እናንተ" አሉ። "እኔ ትንሽ ልረፍ።"

ማንም አልተነሳም። ከገበታ ላይ ትልቅ ሰው ሳይነሳ ማን ይነሳል?

"እኛም እንረፍ" አለች ሳኖባር፣ ከተኛችበት።

"ልጅሽ ትምህርት ቤት ይጠብቅሻል" አሏት አማቴ ካሞላን።

"ይጠብቅ" አለች ካሞላ። "ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጠብቀው።"

ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ መስታወት የለም፤ ለአላህ ምስጋና ይግባው። አንገቴን ሳላንቀሳቅስ በዓይኔ ጫፍ ወደ ጎን ባይ ሳኖባርም ጣሪያውን ታያለች፤ ካሞላም፤ ሁሉም። ዲልናቮዝ እንኳ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዙራ ፊሽካዋን በልብሷ ታጸዳለች። ያኔ ገባኝ። ሁሉም ያውቅ ነበር። ጉልበታቸውን፣ ብስክሌቱን ለምን እንደያዙት፣ ሁሉንም።

አማቴ በጎናቸው ሲዞሩ ምንጣፉ ተንኮሻኮሸ። አንዴ ሞከሩ፣ ተመለሱ። ቆዩ። ከዚያ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ሙሉ ክብደታቸው ወረደብኝ። ጥርሴን ነክሼ ወለሉ ላይ ጸናሁ። ስንት ሕፃን ያስተኛ እጅ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጉልበታቸው ቀጭ አለ፣ "አላህ" አሉ በቀስታ፣ ከዚያ ክብደቱ ከትከሻዬ ላይ ተነሳ።

ቆሙ። ሁለት መዳፋቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው "አሚን" አሉ፣ ከገበታ እንደሚነሱ ሁሉ። እኛም ከተጋደምንበት ፊታችንን ዳብሰን ብድግ ብድግ አልን። በመንገዱ ላይ ስለ ቲማቲም አወራን።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቦታ ይጠባል። አማቴ መሃሉን ምንጣፍ ያዙ፤ ወንዶቹም ስለ ጠዋቱ ማንሳት ተዉ። ጉልበታቸው እንደ ልጅ ሆነ ብዬ አልዋሽም። በግድግዳ ተደግፈው ለመቀመጥ አይቸገሩም፤ ለመነሳት ግን ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ትከሻም ይፈልጋሉ። ሳኖባር የልጅ ልጅ አየች፣ ወንድ። ድግሱን ልትነግረን ስትመጣ አማቴ ሻይ እየቀዱላት "ወንበር አለሽ?" አሏት ነገሩን እንደ ቀልድ አድርገው።

"የለኝም፤ ከጎረቤትም አልተበደርኩም" አለች ሳኖባር።

በድግሱ ቀን ቤቱ ሞላ። ከምራቲቱ ወገን አልጋውን ይዘው ከፈርጋና ከተማ የመጡ ሴቶች አሉ፤ ከጨርቁ ስፌት እስከ ሾርባው ጨው ድረስ ዓይናቸው ያልገባበት የለም። አማቴ አልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ሕፃኑን ተቀበሉ፣ አስተኙ፣ ጠቀለሉ፣ እጁንና እግሩን በመቀነቱ አሰሩ። ሕፃኑ አንዴ ሊያለቅስ አፉን ከፈተና ሐሳቡን ቀየረ። ከረሜላ ተበተነ፣ ምርቃት ሆነ፣ "አሚን" ተባለ። አሁን መነሳት ብቻ ቀረ።

የጂሙ ሴቶች፣ ሳኖባርም ካሞላም እኔም፣ ሳንነጋገር ዓይናችንን ወደ ጣሪያ ሰቀልን። የፈርጋና እንግዶች ግራ ገባቸው፤ አንድ በአንድ እነሱም ቀና እያሉ ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ፈለጉ።

"ጣሪያው ምን ሆነ?" አሉ አማቴ ድምጻቸውን ከፍ አድርገው። "ወደዚህ እዩ። ኦይጉል፣ ልጄ፣ ትከሻሽን አምጪ።"

ሄጄ ጎናቸው ተንበረከክሁ። ሁሉም እያየ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ፣ ተንፈስ አሉ፣ ጊዜያቸውን ወስደው ተነሱ። ከዚያ እኛም ተነሳን።